ውሃ እያለ

ደርግን የሚያህል ስብሰባ ወዳድ መንግሥት አላየሁም። ስኳር ሲጠፋ ስብሰባ፣ ዳቦ ሲጠፋ ስብሰባ። ውሃ የጠፋ ጊዜ ግን ስብሰባው አልበቃቸውም፤ በዓል አደረጉት። «የውሃ ቁጠባ ቀን» ተባለ። እኛ ቀበናዎች በቀበሌው ቦኖ ጠብታ ካየን ሰንብተን ነበር፤ ምኑን ነው የምንቆጥበው? እናቴ ባዶውን እንስራ ገልብጣ «ይኸው፣ ከኔ በላይ ቆጣቢ ካለ ይምጣ» ትል ነበር። አብራን የምትኖረው የአባቴ እናት ግን ቀልዱ አላሳቃትም። በውሃ ታጥባ ውዱ ሳታደርግ ሶላት ቆማ የማታውቅ ሴት ናት። «ስሞት ብቻ ውሃ እንዳትቆጥቡብኝ» አለችን።

በዓሉ የተዘጋጀው ወደ እንጦጦ መውጫ ባለው ሜዳ ላይ ነበር። ችግኝ ይተከላል ተባለ። በየካቲት! መሬቱ ተሰነጣጥቆ አፉን በከፈተበት ወር ችግኝ የሚተክል ገበሬ ቢኖር ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱት ነበር። ለካ ከበላይ ለሚመጣው እንግዳ የሚመቸው ያ ቀን ኖሯል፤ ክረምቱ ራሱ ይጠብቅ እንግዲህ። የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም ስለተባለ ሰፈሩ በሙሉ በጠዋት ነቅሎ ወጣ።

እኛ አልወጣንም። አያቴ በዚያው ንጋት፣ የሱብሂ አዛን ብሎ ሲያበቃ አረፈች። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ወሎ መንገድ ላይ ነው። በእኛ ወግ ሬሳ አያድርም፤ ታጥቦ፣ በነጭ ጨርቅ ተከፍኖ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቀበራል። መታጠቡ ይቀድማል፣ ቤታችን ውስጥ ደግሞ ውሃ የለም። አንዲት ጎረቤታችን ያላትን ውሃ በጣሳ ይዛ መጣች፤ ለቀብሩ የተጠሩት ሼክ «ይሄ የልጆችሽ መጠጫ ነው፣ መልሺው» አሏት። የቀበና ወንዝ እንኳን ለሬሳ፣ ለጫማም የሚሆን አልነበረም።

«ውሃ ከታጣ ተየሙም አለ፤ በንጹሕ አፈር ፊቷና እጇ ይታበሳል» አሉ ሼኩ። «ውሃ እያለ ግን አይሆንም። በደንብ ፈልጋችኋል?»

እናቴ ለበዓሉ ውሃ የሞላ ቦቴ ሲወጣ አይታ ነበር። «አለ ሼኬ፣ አለ! ይጠብቁኝ» ብላ ሁለት ጀሪካን አንስታ ወጣች። እኔም ተከተልኳት።

ስንደርስ ቦቴው ቆሟል። አንድ ሰው ጎማ ይዞ ከመድረኩ ፊት ለፊት መሬቱን ያርከፈክፋል፤ የእንግዶቹን ጫማ አቧራ እንዳይነካው። ከንፈሩ የደረቀ ሕዝብ ዙሪያውን ቆሞ ያያል። ከበላዩ በቀይ ጨርቅ «እያንዳንዷ ጠብታ ለአብዮቱ!» የሚል ተሰቅሏል። አይ አብዮት! ጠብታውን ሁሉ ጠጥቶ አይረካ!

እናቴ ካኪ የለበሰውን ካድሬ ጠጋ ብላ «ልጄ፣ አማቴ ሞታብኛለች። ለማጠቢያ ሁለት ጀሪካን ብቻ፣ አፈር ስሆንልህ» አለችው።

«ጓድ፣ ውሃው የፕሮግራሙ ነው። እንግዳው ሳይመጡ ጠብታ አይነካም» አላት፤ ጎማው ከኋላው እየፈሰሰ። ከዚያ ትልቅ ውለታ እንደሚውል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ በእናንተ ሃይማኖት በአፈርም ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ» አላት።

«አፈር የሚቻለው ውሃ ከሌለ ነው!» ብላ ጮኸች እናቴ። «ያ ታዲያ ምንድን ነው? አፈሩን እያጠባችሁ ሰውን በአፈር እጠቡ ትሉናላችሁ?»

«ኧረ ስጧት!» አለ ከሕዝቡ መሃል አንድ ድምፅ። ካድሬው ማን እንደሆነ ለማየት ዞር አለ። በዚያ ዘመን ዞር ማለት ይበቃ ነበር። «ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ» አላት።

ጠበቅን። እንግዳው አርፍደው መጡ፣ እርጥቡን መሬት ረግጠው ወደ መድረኩ ወጡ፣ ውሃ የሚያባክን ሁሉ የሰፊው ሕዝብ ጠላት መሆኑን አስረዱን። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ እጄን ይቁረጠውና! ከዚያ እያንዳንዱ ባለሥልጣን አንዳንድ ችግኝ ተከለ፣ ለእያንዳንዷ ችግኝ አንድ ሙሉ ባልዲ ውሃ ተደፋላት፣ ፎቶ ተነሡ። እናቴ ጀሪካኖቹን መሬት አላስቀመጠችም፤ ዓይኗን ከቦቴው አልነቀለችም። ፀሐይዋ ግን እያዘቀዘቀች ነበር።

እንግዳው ሲሄዱ ካድሬው ቃሉን አከበረ፤ ቦቴውን ራሱ ከፈተላት። ቧንቧው ተንፈስ አለ፣ አሳለ፣ ዝገት ተፋና ዝም አለ።

«አልቋል» አለ። «ምን ይደረግ፣ ችግሩ አገር አቀፍ ነው።»

ስድብ ጠብቄ ነበር፤ እናቴ ግን ባዶ ጀሪካኖቿን ይዛ ቁልቁለቱን ጀመረች። እያለቀስኩ ተከትያት ወረድኩ።

ሼኩ በር ላይ ቆመው «ተገኘ?» አሉ።

«ነበረ፣ ሼኬ» አለች እናቴ። «አሁን የለም። አሁን ይፈቀዳል።»

ለቀብሩ የመጣችው አክስቴ በትሪ ንጹሕ አፈር ይዛ ገባች። መዳፏን አፈሩ ላይ አሳርፋ የአያቴን ፊት አበሰች፣ ከዚያ እጆቿን። አቧራው ሽፋሽፍቷ ላይ ቀረ።