ክትባት የሌለው ነጭ መኪና

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ቢቸና

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። የምንሄድባት አሮጌ፣ ቤት መሰል መኪና ናት፤ አልጋና ምድጃ የነበራት፣ መስኮቷ እስካሁን መጋረጃ ያለው። ሞተሯ ሲቃጠል ባለቤቱ ቢቸና ጥሏት ሄደ፤ መካኒኩ አጎቴ ጋሽ አለልኝ ገዝተው አስነሷት። አሁን አልጋው ወጥቶ የልብስ ስፌት መኪናዬ ገብቷል። ገበያ ለገበያ እየዞርኩ ልሰፋባት ነው። የቀራት መልኳ ብቻ ነው፤ ነጩ ቀለም ተላልጧል፣ ላሜራዋ ዝጓል። ሞጣ ቀለም ቀቢ አለ ተብለናል።

"ደንበኛ ሲመጣ ማን ሊያናግር ነው?" አሉ ጋሽ አለልኝ መሪውን ይዘው።

ፊቴን ወደ መጋረጃው አዞርኩ።

"በይ እንግዲህ፣ መኪናዋ ታናግር!"

ረፋድ 3 ሰዓት፣ ከደብረ ወርቅ አለፍ ብሎ

ራዲያተሩ ፈላና ቆምን። ወዲያው ሦስት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው መጥተው በሩ ላይ ተሰለፉ። ነጭ መኪና ሲያዩ የክትባት መስሏቸው ነው። አንዷ የልጇን ክንድ ገልጣ፣ "እህቴ፣ ቀስ ብለሽ ውጊልኝ፤ ይሄ አልቃሻ ነው" አለችኝ። ክንዱን ብቻ አየሁት። ጋሽ አለልኝ ስቀው ሲያበቁ አስረዷቸው።

"ታዲያ ይቺ ምን ልትሠራ ተቀምጣለች?" አለች ሴትዮዋ። ቢሆንም ለራዲያተሩ አንድ ጄሪካን ውሃ ሰጠችን፤ "ጄሪካኗን ስትመለሱ" ብላ።

ከሰዓት፣ ሞጣ

ቀለም ቀቢው ጋሽ ሰይድ ሽማግሌ ናቸው። ላሜራውን በጥፍራቸው ቧጨር አድርገው፣ "መጀመሪያ ትፋቅ" አሉ። ሽሮ በልተን ጀመርን። ዛሬና ነገ በብርጭቆ ወረቀት ፍተጋ ነው፤ የተቦረቦረው በስቱኮ ይደፈናል። ቅንድቤ ሳይቀር ነጥቷል።

"አንቺማ ከመኪናዋ ቀድመሽ ተቀባሽ" ይሉኛል ጋሽ ሰይድ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚያው

"ያው ነጭ ይሁን፤ ነጭ ንጹሕ ነው" አሉ አጎቴ። ጋሽ ሰይድ የነጩን ቆርቆሮ ሊከፍቱ ጎንበስ አሉ። በነጭ ከተቀባችማ ዕድሜዬን ሙሉ የሕፃን ክንድ ሳይ ልኖር ነው።

"አይሆንም!" አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ። ከቦርሳዬ ቁራጭ ጨርቅ አወጣሁ፤ ቀለሙ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ነው። "ይሄን ይቀቡልኝ። በሩ ላይ ደግሞ የልብስ ስፌት መኪና ይሣሉልኝ።"

"ትናገራለች እንዴ?" አሉ ጋሽ ሰይድ።

"እኔም ገና ዛሬ መስማቴ ነው" አሉ አጎቴ። "ግን በስተርጅና ሽንኩርት ልነዳ ነው?"

ሰኞ፣ የመልስ መንገድ

ሽንኩርቷ ታበራለች። ጋሽ አለልኝ ሰው ባዩ ቁጥር ጥሩንባ ይነፋሉ፤ አፍረው ነው እንዳልል ፈገግታቸው ያሳብቃል።

ጄሪካኑን ልንመልስ ስንቆም ያቺው ሴት ወጣች። በሩ ላይ ያለውን ሥዕል አየት አድርጋ ተመልሳ ገባች፤ ብብቱ የተተረተረ ቀሚስ ይዛ መጣች። አልቃሻው ጀርባዋ ላይ ነው። አጎቴ እንደ ልማዳቸው ሊያናግሩልኝ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። ቀደምኳቸው።

"ነይ ግቢ፣ አሁኑኑ እሰፋልሻለሁ።"

አንገታቸውን መለሱና ሞተሩን አጠፉ።