ሰባት ቤት በአሊዩ አምባ ቁልቁለት

አዋጅ! ጆሮ ያለህ ስማ፤ የደነቆርህ ጎረቤትህን ጠይቅ! ከአንኮበር ቁንጮ እስከ አሊዩ አምባ ገበያ፣ ከደብረ ብርሃን ውርጭ እስከ ቆላው ንዳድ ያለህ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ካህን፣ ሥራ ፈት! የአንዲት አህያ ባለቤት፣ የሁለት ጥማድ መሬት ጌታ፣ የአንድ ጋቢ ለባሽ የሆነው አቶ የሺጥላ ብርሃነ መስቀል ከዛሬ ጀምሮ አእምሮውን ያሠለጠነ መሆኑን ዐውቀህ፣ በፊቱ ስታልፍ አንገትህን ድፋ! የአያት የቅድመ አያትህ ስም በእጁ ነው። ከወደደ ያጋባሃል፤ ካልወደደ ዘመድ ያደርግሃል!

ይህን አዋጅ የጎሰመ ነጋሪት የለም። ሰውየው ግን በ፲፱፻፶፮ ዓመተ ምሕረት ገብስ ጭኖ ወደ ቆላ ሲወርድ፣ ከኋላው ነጋሪት የሚጎሰምለት ይመስል ነበር አረጋገጡ።

የሺጥላ ማን ነው? ዘር ቆጣሪ ነው። በእኛ አገር ወንድና ሴት ከመተጫጨታቸው በፊት ሽማግሌ ተቀምጦ አባት ይቆጠራል። ከጋራ አያታቸው በሁለቱም ወገን ስምንት ቤት ከራቁ ይጋባሉ፤ ባንዱ ወገን እንኳ ሰባት ከሆነ እኅትና ወንድም ናቸው፤ ነውር ነው፤ አበቃ። ታዲያ ይህን ሁሉ ስም ማን ይሸከመው? አገር ሙሉ ሰው ራሱን ለሻሽ መጠምጠሚያ ብቻ ይዞት ስለነበረ፣ ሸክሙ የወደቀው በየሺጥላ ላይ ነው። “እሱ ያውቀዋል” ይባላል። “እሱ ያውቀዋል” ማለት “እኔ ባላውቅም ይቻላል” ማለት ነው። ስንፍናም አክብሮት ሲለብስ እንዲህ ያምርበታል።

ዕውቀቱን ያገኘው ከአባቱ ነው፤ ብቻውን ግን አልነበረም። አባትየው እሱንና እኅቱን ወለተሐናን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ አንዱ ሲወረውር ሌላው እየቀለበ አሳደጋቸው።

“ወልደአረጋይ!” ይላል የሺጥላ።

“ዘርአ ዳዊትን ወለደ!” ትላለች ወለተሐና። “ዘርአ ዳዊትስ?”

“ባፈናን!”

“ባፈናስ፣ አንተ እንቅልፋም?”

“ወልደተንሣኤን ወለደች!”

ሁለቱም ሽበት ካወጡ በኋላ እንኳ ይህን ጨዋታ አልተዉም። እሷ ሱፍ እየፈተለች፣ እሱ የአህያ ጭነት እየጠገነ ይወራወራሉ። የሳተ ይሳቅበታል፤ የተሳቀበት ሁለተኛ አይስትም። ከእኅት ሳቅ የበለጠ የአእምሮ ሞረድ እስካሁን በገበያ አልወጣም።

ወለተሐና በሳንባ ምች ሞተች። የሺጥላም ከአርባዋ በኋላ አንድ ጠዋት ከደጁ ተቀምጦ “ወልደአረጋይ!” ቢል የመለሰለት የጎረቤት ውሻ ነው። በዚያው ሰሞን ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ የእናቱ አባት ስም ጠፋው። አንድ አፍታ ብቻ ነው የጠፋው። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። መሬቱን ሌላው ይበልጠዋል፤ ከብቱን ሌላው ይበልጠዋል፤ ጭንቅላቱ ከሄደ የሺጥላ ማለት አህያ የሚነዳ ሽማግሌ ነው፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ አንኮበር በየጎረቤቱ አላት።

አንዲት ልጁ ሸዋወርቅ ጭንቀቱን አየች።

“አባባ፣ እኔ ልመልስልዎት። አክስቴ ስትል ሰምቻለሁ፣ ወደ እኛ የሚቀርበውን ግማሹን ይዤዋለሁ።”

“አንቺ ነገ የሰው ቤት ሰው ነሽ፤ የቤቴ ስም ምን ያደርግልሻል? ይልቅ አህያይቱን ውኃ አጠጪያት።”

ወለተሐናስ የሰው ቤት ሰው አልነበረችም ወይ? ይህን የሚጠይቀው አልነበረም። አህያይቱ ውኃ ጠጣች።

በዚህ መካከል መምህር ገብረ ሕይወት መጣ። ደብረ ብርሃን የሚያስተምር የአንኮበር ልጅ ነው፤ ሸዋወርቅን ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። የሺጥላም ነገሩን ከሩቅ አይቶ ለሚስቱ ለእናናየሁ “የሚገናኙት ወልደአረጋይ ላይ ነው፤ ስምንት ቤት ናቸው፤ ይላክ” ብሏት ነበር። እንግዲህ ልጁ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የአማቱን ልብ ማለስለስ ፈለገ። ብልህ ሰው ቢሆን ማር ያመጣ ነበር። የተማረ ስለሆነ ግን መጽሔት አመጣ፤ ስለ አእምሮ ሥልጠና የተጻፈ፣ የአንድ ከንፈር ያህል የቀጠነች ትንሽ መጽሔት። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አነበበለት።

“‘አእምሮ እንደ ክንድ ነው፤ ካልሠራ ይሰልላል’ ይላል።”

“ይህንስ አህያዬም ታውቀዋለች። ቀጥል።”

“‘ዘወትር የምትሄድበትን መንገድ ምረጥ። ልታስታውሰው የምትሻውን ነገር በየምልክቱ ላይ አስቀምጥ፤ ይህን በቋጥኙ፣ ያንን በዛፉ ሥር። ዓይንህን ጨፍነህ መንገዱን ስትሄድ፣ ሁሉም ባስቀመጥህበት ቆሞ ይጠብቅሃል።’”

የሺጥላ፣ “ሰውም አያስፈልግማ?” አለ።

“አያስፈልግም አባባ፤ ብቻዎን ነው።”

“በል ድገምልኝ።”

የሺጥላ የሚያውቀው መንገድ አንድ ነው፤ ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደው ቁልቁለት። አያቶቹን አንድ በአንድ እየመራ አወረዳቸው። ወልደአረጋይን ከላይ ከመውረጃው አፍ አቆመው። ዘርአ ዳዊትን ከትልቁ ቋጥኝ ላይ አስቀመጠው። ባፈና ምላሷ የመረረ ሴት ነበረች ስለሚባል ከኮሶው ዛፍ ሥር ተደረገች፤ ወልደተንሣኤ ከጅረቱ መሻገሪያ፤ ለተጊዮርጊስ ከጠባቡ ጠምዛዛ፤ ገብረአብ ከዋርካው፤ የራሱን አባት ብርሃነ መስቀልን ከገበያው በር። ራሱን አህያ ከሚታሰርበት ግንድ አጠገብ አቆመ፤ ትክክለኛ ቦታውን ማንም አልነፈገውም። የሰውንም ዘር እንዲሁ በየቁጥቋጦው አሰፈረው። ያ ቁልቁለት ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሕዝብ ተሸክሞ አያውቅም።

ሠራለት፤ አልዋሽም። ዓይኑን ጨፍኖ “እየወረድሁ ነው” ይላል፤ ስሞቹም ሳይንተባተብ ይወጣሉ። በየጠላ ቤቱ ደረቱን ነፋ። “ድሮ የማስታውሰው በደነዘዘ ራስ ነበር፤ አሁን ተስሏል” ይል ጀመር። የእኅቱንም ጨዋታ “የልጅ ነገር” አለው። የሚስቅበት በሌለበት አገር ሰው ምን የማይል አለ?

የነሐሴ ዝናብ ቁልቁለቱን ናደው። ከቋጥኙ በታች ያለው ጥግ ኮሶውን ከነሥሩ ይዞ ገደል ገባ። ሰው እንደ ልማዱ ሁለት ቀን አወራና፣ ከቋጥኙ ላይ በቀጥታ ወደ ጅረቱ የሚያወርድ ሌላ መንገድ ረገጠ። የሺጥላም በየሳምንቱ በዚያው ወረደ፣ በዚያው ወጣ። እግር የለመደውን ልብ ይከተለዋል፤ በሐሳቡም መንገዱ በዚያው ሆነ።

ከመስቀል በኋላ የገብረ ሕይወት አጎት አቶ ገብረኪዳን ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ጠላ ተቀዳ። እናናየሁ ለልጇ ድግስ ጌሾ መውቀጥ ጀምራለች፤ ሸዋወርቅ ከጓዳ ሆና ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች። የወንዱ ወገን ተቆጥሮ ስምንት ሆነ። ቀጥሎ የሺጥላ ጋቢውን አስተካክሎ ዓይኑን ጨፈነ።

“ወልደአረጋይ ዘርአ ዳዊትን ወለደ። ዘርአ ዳዊት ወልደተንሣኤን ወለደ። ወልደተንሣኤ ለተጊዮርጊስን ወለደ። ለተጊዮርጊስ ገብረአብን ወለደች። ገብረአብ ብርሃነ መስቀልን። ብርሃነ መስቀል እኔን። እኔ ሸዋወርቅን።”

ጣቱን አየ። ሰባት።

ገብረኪዳን ጉሮሮውን ጠረገ። “ጌታው፣ ድሮ ስምንት ሲባል የሰማሁ ይመስለኛል።”

“የሚቀር ስም ካለ አንሣዋ!”

“እኔማ ምን ዐውቄ! እርስዎ ያሉት ነው።”

“አንቱ” አለች እናናየሁ ከማድጋው አጠገብ ሆና፣ “አምና ስምንት ነው ብለውኝ አልነበረም?”

“አምና ራሴ ደንዝዞ ነበር። ዘንድሮ ተስሏል። አንቺ ጠላሽን ቅጂ!”

ደግሞ ቆጠረ፤ ደግሞም ሰባት። ስሕተት ሳይንተባተብ ሲነገር እንዴት እውነት እንደሚመስል የሚያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም። ገብረ ሕይወት ደጅ ቆሞ ሰማ፤ ዘሎ ገባ።

“ከሰባት ቤት በኋላ ደም ምን ቀረው? እባክዎ አባባ!”

“ዝም በል፣ አንተ ነውረኛ!” አለው አጎቱ። “እኅትህን ልታገባ ነው?”

ልጁ በሳምንቱ ማስተማሩን ትቶ ከደብረ ሲና አሰብ በሚወርድ ካሚዮን ተሳፈረ። መጽሔቷን ለአማቱ እንደተወለት ሄደ፤ ምን እንደሠራችበት እስከ ዛሬ አያውቅም። ሸዋወርቅ “ወንድሟን ልታገባ የነበረች” የሚል ስም ተለጠፈባት። አባቷ ወሬው ሳይከርም ብሎ፣ በጥር ደነባ ላለ ቅስና ለሚጠብቅ ዲያቆን በቁርባን ዳራት። በቁርባን የታሰረ አይፈታም፤ ሚስቱን የፈታ ዲያቆንም አይቀስስም። ሰውየው ክፉ አይደለም። ደግም አይደለም። ሸዋወርቅ በበቅሎ ስትወጣ ወደ ኋላ አላየችም፤ የሚያስታውሱት ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ብቻ ነው።

በመጋቢት የመንገዱ ምንጭ ነጠፈ። የሺጥላ አህያይቱን ሊያጠጣ ከገደሉ በታች ወዳለው ወንዝ ወረደ። እዚያ ሥሩ ወደ ሰማይ የተገለበጠ ትልቅ ኮሶ ተጋድሟል፤ አንድ የአሊዩ አምባ እንጨት ለቃሚ በምሳር ይፈልጠዋል። የሺጥላ ቆመ። የአህያይቱ ገመድ ከእጁ ወደቀ።

“ባፈና!” አለ።

ሰውየው ምሳሩን አሳርፎ ዙሪያውን አየ። “ማንን ነው አባባ?”

“ባፈና! እዚህ ነበረች፤ ከዚህ ዛፍ ሥር!”

“ወላሂ አባባ፣ ከጧት ጀምሮ እዚህ ነኝ፤ ሴት የሚባል አላየሁም። ሚስትዎ ናት? ገበያ ቀድማዎት ይሆናል።”

የሺጥላ ከግንዱ ላይ ተቀመጠ። በጣቱ ከወልደአረጋይ ጀመረ፤ ዘርአ ዳዊት፣ ባፈና፣ ወልደተንሣኤ፣ እያለ እስከ ልጁ ደረሰ። ስምንት።

ገብሱን ሳይሸጥ ተመለሰ። ለእናናየሁ ነገራት። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ባሏን ከ“አንቱ” አውርዳው የማታውቅ ሴት ናት። አሁን ግን እንዲህ አለችው፦

“ስማ፣ አንተ። እሷ አርግዛለች። ብትነግራት ምን ታደርገዋለች? ጽንሷን ትመልስልህ? ቁርባኗን ትፍታልህ? እስካሁን ማስታወስን ተለማመድህ። ከእንግዲህ መርሳትን ተለማመድ!”

ለዚህኛው ሥልጠና መጽሔት አልተገኘም። ሞከረ። ወደ አሊዩ አምባ መውረድ ተወ። መንገዱን ከሐሳቡ ሊያወጣ ሲታገል ግን በመንገዱ የቆሙት ሁሉ አብረው ወጡ፤ ወልደተንሣኤም ሄደ፣ ለተጊዮርጊስም ሄደች፣ የገዛ አባቱም ከገበያው በር ተነሥቶ ሄደ። የቀረችው ልትወጣ የተፈለገችው ብቻ ናት። ሰው ሊያስቆጥር ይመጣል፤ “ወልደአረጋይ ማንን ወለደ?” ይሉታል።

“ባፈናን።”

“ከሷስ?”

“ባፈናን።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከሌላ ሰው እንዳያስቆጥሩ ሌላ ሰው የለም፤ ራሳቸው እንዳይቆጥሩ ራሳቸውን ለሻሽ ሰጥተውታል። ከዚያ ወዲህ አንኮበር የተጋባው ሁሉ ስምንት ቤት ሆነ። የሚደግስ ካለው ማን ይከራከራል?

በ፲፱፻፷፩ ዓመተ ምሕረት የሺጥላ አልጋ ያዘ። ሸዋወርቅ ልጅ አዝላ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ ከደነባ መጣች። አጎንብሳ ጉልበቱን ሳመች። ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ ትክ ብሎ አያት።

“ባፈና” አላት።

“እኔ ሸዋወርቅ ነኝ አባባ።”

“ባፈና… እዚህ ነበርሽ?”

እንባው ወረደ። ሸዋወርቅ ወደ እናቷ ዞረች። “ባፈና ማን ናት?”

እናናየሁ ፊቷን ወደ ምድጃው መልሳ እንጨት ቆሰቆሰች። “የአባትሽ ዘመድ ናት። መንገድ ላይ ጠፍታበት ነበር።”

“ምስኪን! ተገኘች?”

“ተገኘች” አለች እናናየሁ።

በማግሥቱ ተቀበረ። ሸዋወርቅም ወደ ደነባ ተመለሰች።

አንባቢ ሆይ፣ “ወይ ጉድ፣ የድሮ ሰው!” ብለህ ከንፈርህን ልትመጥ ስትል አየሁህ። ከንፈርህን ተውና አንድ ነገር ልለምንህ። ይህን ጽሑፍ አስቀምጥ። ማንንም ሳትጠይቅ፣ “እገሌ ያውቀዋል” ሳትል፣ ከአባትህ ጀምረህ ወደ ላይ ቁጠርልኝ፤ ስምንት አላልሁም፣ ሰባትም አላልሁም። አባትህ። አያትህ። እሺ፣ ቀጥል እንጂ፤ የአያትህ አባት…