ሞት የረሳው ግንበኛ ለቅሶ

ባለቤቴ መምህር ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንድ ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር፤ የነገሥታቱን ግንብ ስለሠራና ሞት ስለረሳው ግንበኛ። ንጉሥ በንጉሥ ሲተካ ግንበኛው ሚስቶቹንና ልጆቹን እየቀበረ ይኖራል። ባለቤቴ ታሞ ሆስፒታል ሲገባ የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነበር። «አንቺ ጨርሺው፤ አደራ» አለኝ። ግንበኛው ይሙት ወይስ ይኑር፣ አልነገረኝም።

በዚያ በደርግ ዘመን ከቦታ ቦታ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። እናቱ በሚኖሩበት በአይከል ሆነው ወረቀቱን ሲጠብቁ ልጃቸው ተቀበረ። በአገራችን ለቅሶ የሟቹ ፈረስና ጠመንጃ፣ ከሌለውም ልብሱ፣ ወጥቶ በአልቃሹ መሐል ይዞራል። የእሱ ኮት ግን አልወጣም። ሰዓት እላፊው ስለደረሰ ለቀስተኛው ቶሎ ተበተነ፤ ኮቱም ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ።

እናቱ መጥተው አብረውኝ ተቀመጡ። ማንበብ ስለማይችሉ የጻፍሁትን ጮክ ብዬ አነብላቸው ነበር። ግንበኛው ሊሞት መሆኑን ሲሰሙ እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«ምነው ልጄን ሁለት ጊዜ ትገድይብኛለሽ?»

«እሜቴ፣ ግንበኛው እኮ ልጅዎ አይደለም።»

«ከልጄ እጅ የቀረኝ እሱ ነው። ተይው፣ ይኑር።»

ለብዙ ቀን እስክሪብቶ አልነካሁም። አደራው ግን አላስቀምጥ አለኝ፤ ቁርጤን ነገርኋቸው።

«እሜቴ፣ ይህ ሰው ለሁሉም አልቅሶ ቀብሯል። እኛ ካላለቀስንለት የሚያለቅስለት የለም። አልቃሽ የሌለው ሰው ዕድሜ ምን ያደርግለታል?»

እናቱ በአይከል የታወቁ ሙሾ አውራጅ ናቸው።

«ፈረስ አለው?» አሉ።

«የለውም፤ ግንበኛ ነው።»

«ታዲያ ምን ይዘው ይወጡለታል?»

«መዶሻውን።»

«መዶሻ ብቻ? እንደ ቀን ሠራተኛ?» ተነሥተው ቁም ሳጥኑን ከፈቱና ኮቱን አወጡ። «ይሄንም ያውጡለት።»

«የጥንት ግንበኛ ኮት ይለብሳል እንዴ?»

«የጻፈው ልጄ ነው፤ የእሱን ይልበስ።»

ኮቱን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ክፍሉን እየዞሩ ሙሾ አወረዱ። እኔም እያለቀስሁ ያሉትን ሁሉ ጻፍሁ። ግንበኛው ያን ቀን ሞተ። በመጽሐፉ ውስጥ ከአስከሬኑ ፊት አንድ መዶሻና አንድ ግራጫ ኮት ይሄዳሉ።

በዚያ ዘመን ኮት አልነበረም የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። አውቃለሁ። አልሰርዘውም።