የአውቶቡሱ ከተማና የባቡሩ ከተማ

ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ከሥራ ስመለስ ሼፈርድስ ቡሽ የሚባለው ሰፈር ወርጄ ገበያው ውስጥ ትንሽ ዞር ዞር ማለት ልማዴ ነው። ቃሪያ እገዛለሁ፣ የማልገዛውን ዕቃ አገላብጣለሁ፣ ከሻጩ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ከዚያ ወደ ቤት ሳቀና አገር አቋራጭ አውቶቡሶች የሚቆሙበትን ፌርማታ አልፋለሁ። ከእነሱ አንዱ ልጄ ልትማርበት ወደነበረው ከተማ የሚሄድ ነው። የተሳፈርኩበት አንድ ቀን ብቻ ነው። ቢሆንም ቆሞ ባየሁት ቁጥር እኔም ቆም እላለሁ፤ ሾፌሩ በሩን ዘግቶ እስኪነሳ አልሄድም። ልጄ ቤት የነበረችበትን የመጨረሻውን ጥቅምት ያስታውሰኛል።

ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ስላረፈ ዋይት ሲቲ በሚባለው ሰፈር አምስተኛ ፎቅ ላይ የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ ሂትሮው ውስጥ ለአውሮፕላን የሚጫነውን ምግብ ከሚያዘጋጁት አንዷ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ትሪ ላይ ዳቦና ቅቤ ስደረድር እውላለሁ። እሷ ደግሞ ድንጋይ ትሰበስብ ነበር። ከወንዝ ዳር፣ ከመናፈሻ፣ ቤት ከሚሠራበት ግቢ፣ ያገኘችውን ድንጋይ ሁሉ በኪሷ ይዛ ትመጣለች። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ሁለት ጊዜ አበላሽታብኛለች። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የምማረውም ይሄንኑ ነው ስትለኝ፣ ድንጋይ ሞልቶ ከተረፈበት አገር መጥቼ ልጄ እንግሊዝ አገር ድንጋይ ልትማር ነው ብዬ ስቄባታለሁ።

መስከረም ላይ ከትምህርት ቤቷ ተጠራሁ። በእኛ ጊዜ ወላጅ አምጣ የሚባለው መስኮት የሰበረ ልጅ ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ጫማዬን አድርጌ፣ የምሰድባትን ስድብ በመንገድ ላይ እያሰናዳሁ ሄድኩ። አስተማሪዋ ግን ሻይ አቀረበችልኝና ልጄ ከሁለቱ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለአንዱ ማመልከት እንዳለባት ነገረችኝ። ስድቡ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ሁለቱን ሁሉም ሰው በስም ያውቃቸዋል። እኛ ቤት ግን በስማቸው ጠርተናቸው አናውቅም። አንዱ ከሼፈርድስ ቡሽ አውቶቡስ ስላለው “የአውቶቡሱ”፣ ሌላው ባቡር ተይዞ ስለሚኬድ “የባቡሩ” ነበሩ። የሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚዘጋው ከፈረንጅ ገና በኋላ ነው፤ የእነዚህ ግን በጥቅምት። ይባስ ብሎ በአንድ ዓመት ለሁለቱም ማመልከት ክልክል ነው። እኛ “ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። እዚህ የተፈቀደው አንድ ባላ ብቻ ሆነ። አስተማሪዋ የባቡሩ ሁሉንም ሳይንስ አንድ ላይ አስጀምሮ ኋላ ስለሚያስመርጥ ለልጄ እሱ ይሻላታል አለች። ሆኖም ሁለቱንም ሄዳችሁ እዩ፣ ውሳኔው የእሷ ነው ብላ ሸኘችኝ።

“እማዬ፣ ሁለቱም ኦፕን ዴይ አላቸው። ቡክ ላድርግ?” አለችኝ ልጄ። ኦፕን ዴይ የሚሉት በራቸውን ለጎብኚ የሚከፍቱበትን ቀን ነው፤ አድርጊ አልኳት።

መጀመሪያ የአውቶቡሱን አየን። ቆሎ በከረጢት፣ ዳቦ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ከደጃችን ተሳፍረን መሀል ከተማው ላይ ወረድን። ደረጃ የለ፣ ግፊያ የለ። ያኔም ጉልበቴን ያመኝ ስለነበር ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ኮሌጅ በር ላይ ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ክብ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ቆሟል። የኮሌጁ የበላይ መሆን አለበት ብዬ ወገቤን ሰበር አድርጌ እጅ ነሳሁ። ልጄ ፊቷ ቀላ።

“እማዬ፣ እሱ እኮ ፖርተር ነው። ዘበኛው።”

የበላዩ ለካ ቁምጣ ለብሶ ብስክሌት እየገፋ ያለፈው ሰውዬ ኖሯል። እኔ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም። ዘበኛው ጉልበቴን እንደማሸው አይቶ ወንበር አወጣልኝ፤ ቁምጣ ለባሹ ዞርም አላለ። ስንወጣ ልጄን በግድ አስተርጉሜ “ልጄን አደራ” አልኩት። ገና አላመለከተችም፣ ገና ማንም አልተቀበላትም። እሱ ግን ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቅልም አለ። አደራ የተቀበለ ሰው ዘመድ ነው። ለእኔ ነገሩ እዚያው በር ላይ አልቆ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በባቡር ሄድን። ስንደርስ ወደ መውጫው የሚያሻግር ድልድይ አለ፤ ደረጃውን ሰው እየገፋኝ ወጣሁ፣ እየገፋኝ ወረድኩ። ጉልበቴ እሳት ሆነ። ከተማውን ገና ሳላየው ጠላሁት። ልጄ ድንጋይ በመስታወት ሣጥን የተደረደረበት አንድ ትልቅ አዳራሽ አስገባችኝና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። እዚያ ጠጉሯ የሸበተ፣ ጣቶቿ አቧራ የነካቸው አስተማሪ ነበረች። ልጄ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ሴትየዋ መለሰች፤ ልጄ ደግማ ጠየቀች፤ ሴትየዋ ሣጥን ከፍታ ድንጋዩን እጇ ላይ አኖረችላት። እኔ ቆሎውን ጨረስኩት። ልጄ እኔ መኖሬን ረስታለች። ፊቷን አየሁት፤ ሕፃን ሆና ከትምህርት ቤት ስወስዳት ወደ እኔ እየሮጠች ስትመጣ የነበራት ፊት ነው። ለዓመታት አይቼው አላውቅም ነበር።

አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ይሄን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ የትኛው እንደሚሻላት ያወቅሁት ያኔውኑ ነው።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ “የቱ ይሻላል እማዬ?” አለችኝ።

“አንቺ ደስ ያለሽን።” ወዲያው ደግሞ “አውቶቡሱ ግን ከደጃችን ነው” አልኩ።

ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔም ጉልበቴን ማሸት ጀመርኩ፤ በእርግጥ ያመኝ ነበር፣ ግን እንዲያን ያህልም አልነበረም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለእመቤቴ ተሳልኩ። ልጄ የአውቶቡሱን ከመረጠችልኝ በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ። ሰው ልጁ ያሰበችው እንዲሳካላት ይሳላል፤ እኔ ያሰበችውን እንድትተው ተሳልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ልጄ ወጥ ቤት መጥታ “የአውቶቡሱን መረጥኩ” አለችኝ። እልል ማለት ቀረኝ። ያን ዕለት አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ደውዬ ጃንጥላውን ከመርካቶ እንድትገዛ አዘዝኳት። በየሳምንቱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ምሳዋን ይዤ ስሳፈር፣ ዘበኛው ወንበር ሲያወጣልኝ እየታየኝ ትሪ ስደረድር አንጎራጉር ነበር። በደስታ የሠራሁበት ሳምንት ቢኖር እሱ ነው።

ማመልከቻው ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው ስለ ራሷ የጻፈችውን እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። አማርኛዋ ሲጎድል እኔ እሞላለሁ። ድንጋይ ዝም ያለ ነገር እንደሚመስል፣ ግን ስንት ሺህ ዘመን የሆነውን ሁሉ ይዞ እንደሚቀመጥ ጽፋለች። ያችን አቧራማ ጣት ያላትን ሴትዮ የጠየቀቻትንም ጽፋለች። ስለ አውቶቡሱ ከተማ አንዲት ቃል የለም።

“ታዲያ ለምንድነው የአውቶቡሱን የመረጥሽው?” አልኳት።

ወረቀቱን አጠፈችው። “ለጉልበትሽ ነዋ። እዚያኛው ደረጃ አለው። ሳታዪኝ ደግሞ መኖር አትችዪም።”

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በምትኩ ተናደድኩ፤ በእሷ ሳይሆን በራሴ፣ ግን የጮኽኩት በእሷ ላይ ነው። “ለጉልበቴ ነው ወይ ያሳደግኩሽ?” አልኳት። “እኔ አገሬን ትቼ የመጣሁት አንቺ ጉልበት ተመልክተሽ ትምህርት ቤት እንድትመርጪ ነው?” በሯን ዘግታ ገባች። እኔም ወጥ ቤት ቀረሁ።

የቸገረኝ ስለቱ ነው። የጠየቅሁትን እመቤቴ ሰጥታኛለች። እሷ የሰጠችኝን መልሼ ልበትን? በማግስቱ በሥራ ዕረፍት ሰዓት ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቆሎውን፣ አዳራሹን፣ አይቼ እንዳላየሁ መሆኔን ጭምር።

“አባ፣ ስለቱን ባፈርስ እመቤቴ ትቀየመኛለች?” አልኩ።

“ስለት አታፍርሺም” አሉኝ። “ጃንጥላውን አስገቢ። ልጅቱን ግን ልቀቂያት። አንቺ እኮ የተሳልሽው ጃንጥላ ነው እንጂ ልጅሽን አይደለም።”

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተመልሼ ትሪዬን ደረደርኩ።

ያን ቀን ልጄን ከትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቅኋት፤ ከትንሽነቷ ወዲህ አድርጌው አላውቅም። አብረን ቤት ደረስን። ሊፍቱ ተከፍቶ ይጠብቃል። እኔ አልፌው ወደ ደረጃው ሄድኩ።

“እማዬ፣ ሊፍቱ ይሠራል እኮ።”

“ሐኪሙ ተንቀሳቀሺ ብሎኛል” አልኩ። ሐኪሙ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ሳልቆም ወጣሁ። እንዳትጠረጥር ደግሞ አፌን አላሳረፍኩም። ሥራ ቦታ አንዲት ጓደኛዬ የአብራሪውን ምሳ የራሷ መስሏት እንዴት እንደበላችው እያወራሁ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። አምስተኛ ፎቅ ስደርስ በሩን ተደግፌ “አየሽ? ጉልበቴ ደህና ነው። ያችን ሴትዮ ያየሽበትን ከተማ አፕላይ አድርጊ” አልኳት።

“አር ዩ ሹር?”

“ሹር ነኝ።”

ፎርሙን ያን ዕለት ቀየረችው። ኮሌጁን ግን እኔ መረጥኩ። ፎቶግራፎቹን ደርድራ አሳየችኝና በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ያለውን አልኩ። ለሚመጣ ሰው መቀመጫ ያስፈልጋል።

ተቀበሏት። ጃንጥላውም ከመርካቶ መጣ፤ ዛሬም በንግሥ ቀን ይዘረጋል፣ ለምን እንደገባ ከእኔና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ልጄ አሁን ሌላ አገር፣ ተራራ ላይ፣ ድንጋይ እየቆጠረች ትሠራለች። ክፍሏን እንዳለ ትቼዋለሁ። መስኮቱ ላይ የተወቻቸውን ድንጋዮች ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራቸውን እጠርጋለሁ፤ የትኛው ከየት እንደመጣ ነግራኝ ነበር፣ ረስቼዋለሁ። እሷ ከሄደች ወዲህ ልብስ ማጠቢያው ተበላሽቶ አያውቅም። ቢበላሽ ደስ ይለኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ያደረስኳትን ቀን ግን አልረሳውም። ሻንጣዋን እሷ፣ በርበሬውንና ብርድ ልብሱን እኔ ይዘን ከባቡሩ ወረድን። ደረጃውን ከሩቅ አይቼ ራሴን ሳዘጋጅ፣ ልጄ እጄን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝና አንድ ቁልፍ ተጫነች። ሊፍት ነው።

“ይሄ መቼ ተሠራ?” አልኳት።

“ድሮም ነበር። ያን ቀን ስንመለስ አይቼዋለሁ።”

ብርድ ልብሱን መሬት አስቀመጥኩ። “ታዲያ ደረጃው፣ ጉልበትሽ፣ ስትይኝ የነበረው?”

“ጉልበትሽ አልነበረም እማዬ። አይ ዋዝ ስኬርድ። አንቺን ብቻሽን ትቼ መሄድ የፈራሁት እኔ ነኝ። ያንን ብነግርሽ ደግሞ አትለቂኝም ነበር።”

እውነቷን ነው፣ አልለቃትም ነበር። ብርድ ልብሱን አነሳሁ። ሊፍቱ መጣና ገባን።

“እንግዲያው አምስቱን ፎቅ በከንቱ ነው የወጣሁት” አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። “ከኋላሽ ሆኜ ሳይሽ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ እያመመሽ ስትስቂ፣ ያኔ ነው እሄዳለሁ ያልኩት።”