አንድ በር፣ ዘጠኝ ነጋዴ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ከፍያለው ታብሌትና ጂፒኤስ ሰጡኝና «የመርካቶን ሱቆች መዝግበሽ ነይ» አሉኝ። ዳቦ ገዝተሽ ነይ የሚሉ ነው የሚመስሉት! መሥሪያ ቤታችን የእሳት አደጋ መኪናዎችን የሚመራ ካርታ ይሠራ ነበር። ነጋዴው ደውሎ ስሙን ሲናገር፣ ካርታው ቦታውን እንዲያሳይ ነው የታሰበው።

አሠራሩን ለእናንተ ለአዲሶቹ ሠራተኞች ልንገራችሁ። ካርታው ላይ ሠፈሩን በሙሉ በአንድ አራት ማዕዘን አጠርኩት። ውስጡ ከስምንት በላይ የነጋዴ ስም ካለ ለአራት ይከፈላል። ከአራቱ አንዱ አሁንም ከስምንት በላይ ከያዘ፣ እሱም ለአራት ይከፈላል። እንዲህ እያለ ይወርዳል። ፍለጋ ሲመጣ ሺህ ሱቅ አንበረብርም፤ በየደረጃው ከአራት አንዱን እየመረጥን እንወርዳለን። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ምን ልደብቃችሁ፣ ኮርቼበት ነበር።

እትዬ ዘምዘምን ያወቅኳቸው ስመዘግብ ነው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሻሽ ይሸጣሉ። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ዕቃቸው ተቃጥሎባቸዋል። የእሳት አደጋ መኪናው ሲኒማ ራስ ቆሞ መንገድ ሲጠይቅ ነው ዕቃው ያለቀው።

«ልጄ፣ እሳት እየነደደ በግራ ግቡ በቀኝ ግቡ ማለት ምን እንደሆነ አታውቂውም» አሉኝ። «ስሜን ብቻ ብዬ ይምጡልኝ። ካርታሽ ውስጥ አስገቢኝ።»

«ለእኔ ይተዉት» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

እትዬ ዘምዘም ያሉበት ሱቅ አንድ የብረት በር ነው ያለው። ውስጡ ግን ዘጠኝ ነጋዴዎች፣ እያንዳንዳቸው አንድ መደርደሪያ ይዘው ይሠራሉ። ጂፒኤሱ ለዘጠኙም አንድ ነጥብ ሰጠኝ። እኔም ዝም ብዬ መዘገብኩ።

የሙከራው ቀን አለቃዬ አጠገቤ ቆመው እያዩ የእትዬ ዘምዘምን ስም ጻፍኩ። ስክሪኑ ቀጥ አለ። ዘጠኝ ከስምንት ይበልጣልና ፕሮግራሙ ለአራት ከፈለ። ዘጠኙም አንዱ ሩብ ውስጥ ወደቁ። እንደገና ከፈለ፤ እንደገና ዘጠኝ። ወይ ጉድ! ነጥብ እንዴት ይከፈላል?

«ለአንድ በር አንድ ስም» አሉ አቶ ከፍያለው። «የበሩ ባለቤት ይበቃል። ስምንቱን ሰርዢ።»

«እትዬ ዘምዘምስ?»

«እስከ ነገ ሌላ መላ ካላመጣሽ ይሰረዛሉ።»

በንዴት ወደ መርካቶ ተመለስኩ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል ይባል የለ? በሩ ጋ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ ዕቃ ተሸካሚ ሸክማቸውን አውርደው ያርፋሉ።

«ጋሼ፣ ከዘጠኙ የእትዬ ዘምዘምን ዕቃ እንዴት ነው ለይተው የሚያደርሱት?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ተራውን እይዛለሁ፣ ከዚያ ሕንፃውን፣ ከዚያ በሩን። ከበሩ ወዲያማ ምን መንገድ አለና ነው? ቆሜ በስም እጣራለኋ!»

እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። ቢሮ ገብቼ አንድ ትእዛዝ ጨመርኩ፤ አራት ማዕዘኑ ከበር ስፋት ካነሰ መክፈል ይቁም። ያ የመጨረሻው አራት ማዕዘን የስም ዝርዝር ይያዝ፤ ከየስሙ ጎን ፎቁና የመደርደሪያው ቁጥር ይግባ።

በማግስቱ አቶ ከፍያለው ራሳቸው የእትዬ ዘምዘምን ስም ጻፉ። ቦታው ወዲያው ታየ።

«ስንት ስም ይይዛል?»

«የመጣውን ሁሉ።»

«እንግዲያው ማንንም አትሰርዢ» አሉና ሄዱ። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ብቻዬን ሳቅኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ረፋድ ላይ የዚያ ሱቅ የመብራት ሽቦ መጨስ ጀመረ። ከዘጠኙ ለእሳት አደጋ የደወሉት እትዬ ዘምዘም ናቸው። ስማቸውን ተናገሩ፤ መኪናው ሲኒማ ራስን ሳይቆም አልፎ በሩ ላይ ደረሰ። ሁለት መደርደሪያ ጠቆረ፤ ሰባቱ ተረፉ።

ልጠይቃቸው ስሄድ የራሰ ሻሽ ገመድ ላይ ያሰጣሉ። «ወላሂ፣ በግራ ግቡ አላልኩም፣ በቀኝ ግቡ አላልኩም!» አሉኝ።

አንድ ነጥብ ላይ ብዙ ሰው ይኖራል። ካርታ ስትሠሩ መሬቱን በሩ ድረስ ክፈሉት፤ ከዚያ ወዲያ ስም ጻፉ።