ከሄለን የተዋስኩት ቀለበት

ባለፈው ሳምንት ጦር ኃይሎች ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት የደም ግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ተሰልፌ ሳለ፣ ከፊቴ የቆመች ጠቆር ያለች ልጅ ጣቷ ላይ የሰፋትን ቀለበት ስታሽከረክር አየሁ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የእርግዝና መከላከያ ጠየቀች። ሻጩ መልስ ሳይሰጣት የየት አገር ልጅ እንደሆነች ጠየቃት። እኔንም ልጅ ሳለሁ በዚሁ ሰፈር እንዲሁ ጠይቀውኛል።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ነሐሴ ነው፤ ከቀራንዮ እስከ ጦር ኃይሎች መንገዱ ጭቃ፣ ዳር ዳሩ የበቆሎ ጥብስ ጭስ። ከወንድ ጓደኛዬ ጋር ሳንጠነቀቅ ከተኛን ሦስተኛ ቀን ሆኖናል፤ የእርግዝና መከላከያ ክኒኑ ደግሞ ሦስት ቀን ካለፈ አይሠራም ብላኛለች የልብ ጓደኛዬ ሄለን። አባቴ ከጋሞ የመጣ ሸማ ነጋዴ፣ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነበር። እኛ ዘንድ ሳታገባ ያረገዘች ልጅ እሁድ ጠዋት በጉባኤው ፊት ስሟ ተጠርቶ ከኅብረቱ ትታገዳለች። ስሟን የሚያነበው አባቴ ነው። ይህን ሳስብ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር።

ሄለን ከዚያ በፊት በነበረው ወር ከአንድ መድኃኒት ቤት ገዝታ ስለነበር ምንም አይሉሽም አለችኝ። እኔ ግን ያገባሁ እንድመስል ቀለበቷን ለመንኳትና አብረን ወደዚያው ሄድን። እኛ ቤት ጌጥ አይደረግም፤ ባንኮኒው ጋ ስደርስ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሻጩ ቀለበቱን አየ፣ ፊቴን አየ፣ አገሬን ጠየቀኝ። ውሸት እንኳ አልመጣልኝም፤ ጋሞ ነኝ አልኩት።

«እናንተማ ልጅ ትወዱ የለም እንዴ?» አለ ፈገግ ብሎ። «ባልሽን ይዘሽ ነይ።»

ከኋላዬ ሲስቁ ሰማሁ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ የአባቴ ድምፅ ስሜን ሲጠራ በጆሮዬ ይመጣብኝ ነበር።

ደጅ ስትጠብቀኝ የነበረችው ሄለን ቀለበቷን ሳትቀበለኝ ገባች። ቀይ፣ መለሎ፣ አገሯን የሚጠይቃት የሌለ ልጅ፤ ጣቷ ባዶ ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም፣ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት።

«ምን ብለሽው ነው?» አለችኝ። «እኔን እኮ ምንም አልጠየቀኝም።»

የምሯን ነበር። ክኒኑን ፌርማታው ላይ ቆሜ ዋጥኩት። የወር አበባዬ እስኪመጣ ድረስ አባቴ ወረቀት ይዞ ወደ መድረክ በወጣ ቁጥር ላብ ያጠምቀኝ ነበር። መጣ፤ አባቴም ከዓመታት በኋላ ምንም ሳያውቅ አረፈ። ሄለንን ግን ምንም ሳታጠፋ ለብዙ ጊዜ ተቀየምኳት። መድኃኒቱ ለሁለታችንም አንድ ነበር፣ ባንኮኒው ላይ የጠበቀን ጥያቄ ነው የተለያየው።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ወላይታ ነኝ ስትል ሻጩ ስለ ባሏ ጀመረ።

«ልጄ ናት» አልኩት። «የጠየቀችህን ስጣት።»

ልጅቷ ደንግጣ ዞረች፤ ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ሰጣት። የኔ ተራ ሲደርስ ግን የመጣሁበት ጠፋኝ። ባዶ ጣቴ ላይ የሌለ ቀለበት እያሽከረከርኩ ነበር።