ዝም ያለው ስፒከር

ጆሮዬ ስለሚከብደኝ ስልክ ላይ የሰው ድምፅ አይለይልኝም። እናቴ በየዓርቡ ከድሬዳዋ የምትልከውን የድምፅ መልእክት፣ እዚህ ጅቡቲ፣ አርሂባ ሰፈር አብራኝ የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ አልማዝ በስልኳ ተቀብላ በትልቁ ስፒከር ታሰማኝ ነበር።

አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ መልእክት ገባ። አልማዝ በጆሮዋ ሰማችው፤ ስፒከሩን ላምጣ ብላ ወደ ውስጥ ገብታም ቆየች። ስትመለስ፣ «እናትሽ ደኅና ናቸው፤ ስፒከሩ ግን ተበላሽቷል» አለችኝ።

ገና ሦስት ወሩ! ቅዳሜ ተሸክሜው ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ሻጩ ለአምራቹ ጻፈ። «አጥፍታችሁ አብሩት» አሉ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ ዝም። ሰኞ ደግመን ጻፍን። «የባሕር ጨው የጎዳውን ዋስትናው አይሸፍንም» አሉ። «ጅቡቲ ላይ ጨው የሌለበት አየር ከየት ላምጣ?» ብዬ ምስኪኑ ሻጭ ላይ ጮህኩበት። አልማዝ ሳምንቱን ሙሉ «ተይው፣ ይቅርብሽ» ስትለኝ ጭራሽ አበገነችኝ።

ዓርብ ጠዋት ለሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ወሰድኩለት። ጀርባውን ከፈተና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እህቴ፣ ይሄ አልተበላሸም። ሽቦው በመቀስ ተቆርጧል» አለኝ።

በቤታችን መቀስ የሚይዝ አልማዝ ብቻ ናት። ስፒከሩን ታቅፌ፣ የምላትን በሆዴ እየደረደርኩ ወደ ቤት ገሰገስኩ።

በራችን ላይ ብዙ የሴት ጫማ አለ። በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት ያገሬ ልጆች፣ ዓርብ ብቻ የሚያርፉት፣ ሁሉም መጥተዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

አልማዝ ስፒከሩን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ብቻሽን እንዳትሰሚው ብዬ ነው» አለች።